ዝናብ ሲጥል የሚቋረጥ፣ ሲመሽ የሚያዘግም የቤት ኢንተርኔት፦ ችግሩ ከየት ነው የሚጀምረው?

ሙጋድ ሰፈር (ደሴ)፣ ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ እንደምን አመሻችሁ። ነዋሪነቴ ደሴ ሙጋድ ነው። ሥራዬ የሒሳብ መዝገብ ማዘጋጀት በመሆኑ ከሳምንቱ ቀናት አራቱን ከቤቴ ሆኜ እሠራለሁ። ኢንተርኔቱ የሚደርሰኝ በመደበኛው የስልክ ሽቦ ሲሆን የተዋዋልኩት ፍጥነት 4 ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው። እስከ ግንቦት ድረስ እምብዛም አላስቸገረኝም ነበር። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር መስመሩ ይቋረጣል፤ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይመለሳል፤ ተመልሶም ይቋረጣል። ዝናብ በሌለበት ቀንም ቢሆን ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ገደማ አንድ ገጽ ለመክፈት ዕድሜ ይፈጃል።

ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ፤ ሁለት ጊዜም ባለሙያ መጥቶ አይቶልኛል። በሁለቱም ቀን ሰማዩ የጠራ፣ ሰዓቱም ረፋድ ስለነበር መስመሩ ምንም እንከን የሌለው ሆኖ ተገኘ፤ እኔም በቤተሰቤ ፊት ነገር የማጋንን ሰው ሆኜ ቀረሁ። ከዚህ ሌላ ፋይል ሳወርድ የሚታየኝ ቁጥር 480 ኪሎ ባይት ብቻ ስለሆነ 4 ሜጋ የተባለው ራሱ እየደረሰኝ አይመስለኝም። ባለቤቴ አዲስ ራውተር እንግዛ ትላለች። ገንዘቡን ከማውጣታችን በፊት ችግሩ ከየት እንደሚጀምር መለየት የሚቻልበት መንገድ ካለ ብታስረዱኝ ውለታችሁ አይረሳኝም።

የፒያሳ ልጅ (ደሴ)፣ ሐምሌ 9፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ05

አብሽሩ፣ የእኛም ቤት እንዲሁ ሆኖ ነበር። ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ቀዳዳ በመርፌ ጫፍ ለ10 ሰከንድ ተጭነው ይያዙት፤ እንደ አዲስ ይነሳል። ካልሆነም ዲ ኤን ኤሱን ወደ 8.8.8.8 ይቀይሩት። እኔ ሁለቱንም አድርጌ ተሻሽሎልኛል።

የኮምቦልቻ ጠጋኝ፣ ሐምሌ 10፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15

ወንድሜ ሙጋድ፣ እባክዎ ያችን ቀዳዳ አይንኳት። የፒያሳው ወዳጃችን በቅንነት እንደመከሩ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ቀዳዳዋን መጫን ራውተሩን አጥፍቶ እንደማብራት አይደለም፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ባዶ ማድረግ ነው። በስልክ ሽቦ የሚመጣ መስመር የሚገናኘው በራውተሩ ውስጥ በተመዘገበ የተጠቃሚ ስምና የምስጢር ቃል ነው። ቀዳዳዋ ስትጫን ይህ ሁሉ ይሰረዛል። የውሉ ወረቀት የጠፋበት ሰው ቅዳሜ ማታ ይህን አድርጎ እስከ ሰኞ ያለ መስመር ሲከርም ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሙያዬ የኔትወርክ ጥገና ነው። በዚህ ሥራ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ልማድ ምንም ነገር ከመንካቴ በፊት መንገዱን መከፋፈል ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መኪና ቢዘገይብን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ሐረጎን አልፏል ወይ?» ብለን ነው፤ ካለፈ ወደ ታች፣ ካላለፈ ወደ ላይ እንፈልገዋለን እንጂ መንገዱን ሁሉ አናስስም። የእርስዎም መንገድ አራት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ከስልክዎ ወይም ከኮምፒውተርዎ እስከ ራውተሩ ያለው ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ዋይፋይ ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ ተነስቶ በግድግዳው አልፎ ምሰሶው ላይ እስካለው ሳጥን የሚደርሰው ሽቦ ነው። ሦስተኛው ከምሰሶው እስከ ጣቢያው ያለው መስመር፣ አራተኛው ደግሞ ከጣቢያው ወዲያ ያለው ዓለም ነው። አገራችን የባሕር በር የሌላት በመሆኗ ወደ ውጭ የሚሄደው መስመር በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ሥር ኬብሎች ይደርሳል፤ እዚያ ላይ የሚደርስ ብልሽት የአገር ውስጥ ገጾችን ሳይነካ የውጭዎቹን ብቻ ሊያዘገይ ይችላል።

አሁን ፈተናዎቹን ልንገርዎ። አንደኛ፣ መስመሩ በተቋረጠ ቅጽበት ወደ ስልክዎ ሳይሆን ወደ ራውተሩ መብራቶች ይመልከቱ። «ዲ ኤስ ኤል» የሚለው መብራት ሳያቋርጥ እየበራ ከሆነ ሽቦው ይዟል ማለት ነው፤ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ራውተሩ ከጣቢያው ጋር ተለያይቶ እየፈለገው ነው። ይህ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ስለ ዋይፋይ፣ ስለ ዲ ኤን ኤስ ወይም ስለ ድረ ገጾች መጨነቅ ከንቱ ነው። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝተው በትእዛዝ መስኮቱ መጀመሪያ ወደ ራውተሩ አድራሻ፣ ይኸውም ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ቀጥሎም ከቤትዎ ውጭ ወዳለው 8.8.8.8 ፒንግ ያድርጉ፤ ፒንግ ትንሽ መልእክት ልኮ ምላሹ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ ነው። የመጀመሪያው በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰ ችግሩ ቤትዎ ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ደህና ሆኖ ሁለተኛው ከተንገዳገደ ከራውተሩ ወዲያ ነው።

ሦስተኛውን ፈተና ሰዎች ይንቁታል፣ እኔ ግን እወደዋለሁ፦ ጆሮ። ዝናብ ሲጥል የቤቱን ስልክ እጀታ ያንሱና አንድ ቁጥር ተጭነው ድምፁ ጸጥ ሲል ያዳምጡ። የሰው ድምፅ በሽቦው የሚጓዘው ከ4 ኪሎ ኸርዝ በታች ሲሆን ኢንተርኔቱ ደግሞ ከዚያ በላይ ባለው ሰፊ ክልል ነው፤ ሆኖም ሽቦው አንድ ነው። መገጣጠሚያው ውሃ ገብቶት ከሆነ በጆሮ የሚሰማ መንጣጣት ይኖራል። በመጨረሻም በዚያው 192.168.1.1 አድራሻ በሚከፈተው የራውተሩ ገጽ ውስጥ «የድምፅ ኅዳግ» (በእንግሊዝኛ SNR margin) ሊባል የሚችለውን፣ ምልክቱ ከሽቦው ሁካታ በላይ ያለውን ትርፍ የሚያሳይ በዴሲቤል የተጻፈ ቁጥር ያንብቡ፤ ከ6 በታች ከሆነ መስመሩ በማንኛውም ሰዓት ሊወድቅ ይችላል፤ ከ10 በላይ ከሆነ መልካም ነው። በደረቅ ቀን አንድ ጊዜ፣ በዝናብ ሌላ ጊዜ ይመዝግቡት።

ስለ ፍጥነቱ ደግሞ ማንም አልበደለዎትም። ውሉ የሚቆጥረው በቢት ነው፤ ኮምፒውተሩ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ግን በባይት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። ስለዚህ 4 ሜጋ ቢት ማለት 500 ኪሎ ባይት ነውና 480 ማግኘትዎ ሙሉ ነው ለማለት ይቻላል። 700 ሜጋ ባይት የሆነ ፊልም በዚህ ፍጥነት ከ23 ደቂቃ በታች አይወርድም።

የፒያሳ ልጅ፣ ሐምሌ 10፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ30

ስለ ቀዳዳዋ አላወቅሁም ነበር፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእኔ በመዳብ ሽቦ ሳይሆን ብርሃን በሚያስተላልፍ የመስታወት ክር፣ በፋይበር፣ ስለሆነ ምናልባት ዳነልኝ። ዲ ኤን ኤሱስ ስሕተት ነው?

የኮምቦልቻ ጠጋኝ፣ ሐምሌ 10፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ስሕተት አይደለም፤ ግን ለሌላ በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ዲ ኤን ኤስ የገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጥ መዝገብ ሲሆን 8.8.8.8 የጉግል፣ 1.1.1.1 ደግሞ የክላውድፍሌር ነው። መዝገቡ ሲታመም ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ቴሌግራም አድራሻውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ መልእክት ይልካል፣ ይቀበላል፤ ድረ ገጽ ግን በስሙ አልከፈት ይላል። እንዲህ ካልሆነ መዝገቡን መቀየር ሽቦ አያደርቅም።

ሐይቅ ዳር፣ ሐምሌ 10፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የጠያቂው ችግር ከእኔ የተለየ ቢሆንም «ኢንተርኔት የለም» የሚባለው ሁሉ የኢንተርኔት ጉዳይ አለመሆኑን ለማሳየት የራሴን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የጠረጴዛ ኮምፒውተሬ አንድም ገጽ አልከፍት አለ። በየገጹ ላይ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። የልጅ ልጄ ስልክ ግን በዚያው ዋይፋይ እንደልቡ ይሠራል። ሁለት ቀን አገልግሎት ሰጪውን ስወቅስ ሰነበትኩ።

ነገሩ የቀን መቁጠሪያ ሆኖ ተገኘ። የኮምፒውተሩ ትንሿ ባትሪ አርጅታ ስለነበር መብራቱ ሲጠፋ ሰዓቱና ቀኑ ተሰረዙ፤ እኔም ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር 2017 ብዬ ሞላሁት። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰነድ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ዕድሜው ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። የእኔ ኮምፒውተር ወደ ኋላ ስምንት ዓመት ቆሞ ሲያይ ሰነዶቹ ሁሉ ገና ያልተጻፉ ሆነው ታዩት። ባትሪዋን ለውጬ ቀኑን በአውሮፓውያኑ ሳስተካክል ሁሉም ተከፈተ። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉ አሉ፤ የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ገጽ ባይዘጋም፣ ስልክ ላይ በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጡት የማረጋገጫ ቁጥሮች ግን አልቀበል ይላሉ። የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ይህ ቢያውቁት አይከፋም።

ሙጋድ ሰፈር፣ ሐምሌ 13፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20

ጋሼ፣ ስለ ሰዓቱ የነገሩኝን በቢሮ ባልደረባዬ ላይ ወዲያው አገኘሁት፤ አላህ ይስጥልኝ። የኮምቦልቻው ባለሙያ ያዘዙኝንም ለሦስት ቀን ፈጽሜ በማስታወሻ ይዣለሁ።

ትናንት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከጦሳ በኩል የመጣው ዝናብ ብርቱ ነበር። ዲ ኤስ ኤል የሚለው መብራት በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ። የስልኩን እጀታ ሳነሳ ጨው እሳት ላይ ሲበተን የሚሰማው ዓይነት መንጣጣት ሰማሁ። ኅዳጉ በደረቅ ቀን 11 ዴሲቤል የነበረው በዝናቡ ወደ 3 ወርዶ አየሁት።

የምሽቱ ነገር ግን ግራ አጋብቶኛል። ሦስቱንም ምሽት መብራቱ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም፤ ኅዳጉም 11 ላይ እንደረጋ ነው። ወደ ራውተሩ የማደርገው ፒንግ በ1 ሚሊ ሰከንድ ይመለሳል። ወደ 8.8.8.8 የማደርገው ግን ቀን ላይ 90 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ የነበረው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 1,800 ደርሶ ከአራቱ አንዱ ጨርሶ አይመለስም። ሽቦው ደህና ከሆነ ይህ ምን ሊሆን ይችላል?

የኮምቦልቻ ጠጋኝ፣ ሐምሌ 14፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ50

እንደዚህ ያለ ማስታወሻ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ቢበዛልን ሥራችን ግማሽ ይቀል ነበር። ያለዎት አንድ ችግር ሳይሆን ሁለት የማይተዋወቁ ችግሮች ናቸው፤ እስካሁን ያደናገረዎትም ሁለቱን እንደ አንድ መቁጠርዎ ነው። ራውተር ቢገዙ አንዱንም አይፈውሰውም ነበር።

የዝናቡ ችግር ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ክፍል ነው። አሁንም አንድ ነገር ይለዩልኝ። ሽቦው ከውጭ ወደ ቤት የሚገባበትን የመጀመሪያውን ነጥብ ይፈልጉና ራውተሩን እዚያው ላይ ብቻ ይሰኩት፤ ወደ ጓዳና ወደ መኝታ ቤት የተቀጠለውን ሽቦ በሙሉ ይንቀሉት። ብዙ ቤት ውስጥ ለሁለተኛ ስልክ ተብሎ በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥያ አለ፤ መስመሩን የሚያደክመውም፣ ድምፅን ከኢንተርኔት የሚለየው ማጣሪያ ያልተሰካበት ስልክም እዚያ ላይ ይገኛል። በዚህ ሁኔታ በዝናብ መንጣጣቱ ከቀጠለ ቤትዎ ነጻ ነው፤ ጥፋቱ ውጭ ነው። ያን ጊዜ የብልጭታውን ቪዲዮ፣ ሁለቱን የኅዳግ ቁጥሮችና ቀንና ሰዓቱን ይዘው ያመልክቱ። ባለሙያ በደረቅ ቀን መጥቶ «ደህና ነው» ማለቱ ውሸት አልነበረም፤ በዚያ ሰዓት ደህና ነበረ። ቁጥሩን ሲያይ ግን ምሰሶው ላይ መውጣቱ አይቀርም።

የምሽቱን በተመለከተ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ሲመሽ በዋይፋይዎ ላይ ስንት ስልክ ይገናኛል? ከእነዚህ መካከልስ ፎቶን በራሱ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ የሚልክ አለ? የምጠይቅዎት በስልክ ሽቦ የሚመጣ መስመር የሚያወርድበት መንገድ ሰፊ፣ የሚሰድበት መንገድ ግን ጠባብ ሆኖ ስለተሠራ ነው። የእርስዎ መላኪያ 512 ኪሎ ቢት ቢሆን፣ 4 ሜጋ ባይት የሆነ አንድ ፎቶ ለመላክ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ 200 ፎቶ ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል።

«እኔ ግን ገጽ የምከፍተው እንጂ የምልከው የለም» ይሉ ይሆናል። ይልካሉ። ከሚወርድልዎ ነገር ላይ ኮምፒውተርዎ «ደርሶኛል» የሚል ትንሽ ደረሰኝ በየጊዜው ይመልሳል፤ ላኪው ይህን ደረሰኝ ካላየ ቀጣዩን አይልክም። ደረሰኙ ወደ መላኪያው በር ሲደርስ ፎቶዎቹ ቀድመው ተሰልፈዋል። አንዲት ሴት አንድ ቁና እህል ይዛ ወፍጮ ቤት ብትደርስና ከፊቷ አሥር ኩንታል ያስወረደ ነጋዴ ብታገኝ የሚደርስባት ይኸው ነው፤ ወፍጮው አልተበላሸም፣ እህሏም ጥቂት ነው፣ ግን ትመሻለች። 1,800 ሚሊ ሰከንዱ የዚህ ሰልፍ ርዝመት ነው።

ሙጋድ ሰፈር፣ ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ30

አሁን ነገሩ በራልኝ። በሰኔ የእህቴ ኒካሕ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያሉት ስድስት ስልኮች በሙሉ ፎቶና ቪዲዮ ሞልቷቸዋል። ስልኮቹ ፎቶውን የሚልኩት ማታ ሁሉም ቤት ሲገባና ቻርጀር ላይ ሲያደርጓቸው ነው። ዛሬ ሁሉንም እያስፈቀድኩ አያለሁ።

የሮቢት እናት (ደሴ)፣ ሐምሌ 14፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

እኔ ደግሞ ሌላ የምሽት ሰልፍ ልጨምርላችሁ። እኛ ቤት ቡና ሲፈላ የጎረቤት ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ይመጣሉ፤ ከአቦሉ እስከ በረካው የምስጢር ቃሉን ያልጠየቀ ልጅ የለም፤ እንግዳን እንቢ ማለትም በእኛ አያምርም። በኋላ በራውተሩ ገጽ ላይ ስቆጥር ቡናው ካለቀ፣ እንግዳውም ከተሸኘ በኋላ 14 ስልክ ተገናኝቶ አገኘሁ፤ ግማሾቹ ከአጥር ወዲያ ነበሩ። የምስጢር ቃሉን ቀየርኩና በራውተሩ ላይ ያለውን የእንግዳ ዋይፋይ ለብቻው ከፈትኩ፤ እርሱን ማታ አጠፋዋለሁ። ማንንም ሳላስቀይም ቤቴ ተረጋጋ።

አንድ ነገር ግን አልተፈታልኝም። ራውተሩ ሳሎን ቡፌ ውስጥ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ድንቅ ነው፣ ማድ ቤት ግን ጨርሶ አይደርስም።

የኮምቦልቻ ጠጋኝ፣ ሐምሌ 15፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

እትዬ፣ መጀመሪያ ከቡፌው ያውጡት። የቡፌው ጀርባ መስታወት ከሆነ በመስታወቱ ጀርባ ላይ የተቀባው ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል፤ ስኒና ድስትም ረዳቶቹ ናቸው። ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ ወደ ማድ ቤቱ በሚያይ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ይመረጣል። የማድ ቤቱ ግድግዳ ቆርቆሮ ከሆነ ግን ልንገርዎ፣ ቆርቆሮ ለዋይፋይ ከድንጋይ ግንብ ይብሳል፤ በመስኮት ወይም በበር በኩል ካልሆነ አያልፍም። ራውተሩ ሁለት ዓይነት ሞገድ ካለው ለሩቁ 2.4 ጊጋ ኸርዙን፣ ለሳሎኑ 5 ጊጋ ኸርዙን ይጠቀሙ፤ ሁለተኛው ፈጣን ነው፣ ግን በግድግዳ ቶሎ ይደክማል። በ2.4 ላይ ደግሞ እርስ በርስ የማይነካኩት የሞገድ መስመሮች (ቻናሎች) 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ጎረቤቶችዎ 6 ላይ ከተከመሩ 1ን ወይም 11ን ይምረጡ።

ሁለተኛ ራውተር ለማድ ቤቱ ከጨመሩ ለየስልኩ አድራሻ የማደሉን ሥራ (DHCP የሚለውን) በሁለተኛው ላይ ያጥፉት። አለበለዚያ ሁለት ዳኛ በአንድ ችሎት ይሆናል፤ ስልኮቹ «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» እያሉ ያደክሙዎታል።

ወልድያ፣ ሐምሌ 15፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

የእኔ ፋይበር ነው። ሶፋውን ካዘዋወርኩ ወዲህ «ኤል ኦ ኤስ» የሚል ቀይ መብራት ይበራል። ሽቦው አልተቆረጠም።

የኮምቦልቻ ጠጋኝ፣ ሐምሌ 15፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ቀዩ መብራት ከጣቢያው ብርሃን እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ፋይበር ሳይቆረጥ በመታጠፉ ብቻ ብርሃኑ ከጎኑ ይፈስሳል፤ የሶፋው እግር ስር ይመልከቱ። ከብርጭቆ አፍ በጠበበ ሁኔታ የተጠመዘዘ ቦታ ካለ ይፍቱት፤ አረንጓዴው ሶኬት በደንብ መግባቱንም ያረጋግጡ። የሳጥኑ ገጽ የሚደርሰውን የብርሃን ኃይል የሚያሳይ ከሆነ ከነጌቲቭ 8 እስከ ነጌቲቭ 27 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። የተነቀለውን ጫፍ ግን በዓይንዎ አይመልከቱ፤ የሚወርደው ብርሃን 1,490 ናኖ ሜትር በመሆኑ ለዓይን አይታይም፤ የማይታይ ስለሆነ ዓይን አይጨፈንለትም።

ወልድያ፣ ሐምሌ 15፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ30

የሶፋው እግር ነበር። ቀዩ ጠፍቷል።

ኩታበር፣ ሐምሌ 16፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ክረምት ስለሆነ አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። አምና በመብረቅ ራውተር ሲቃጠልብኝ ከመብራት ነቅዬው ነበር፤ የስልክ ሽቦውን ግን አልነቀልኩትም። ነጎድጓድ ሲቃረብ ሁለቱንም ንቀሉ። ኃይለኛው ፍሰት በመዳብ ሽቦውም ይገባል። አዳፕተር ሲበላሽ በምትኩ ደግሞ ጫፉ ስለገጠመ ብቻ ሌላ አትሰኩ፤ የእኔ 12 ቮልት ሲፈልግ ባለ 9 ቮልት ሰክቼ መብራቶቹ እየበሩ በየአሥር ደቂቃው ራሱን ሲያጠፋ ሰነበተ። ያንንም «ኔትወርክ» ነው ብዬ አመልክቼ ነበር።

ሙጋድ ሰፈር፣ ሐምሌ 24፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ10

የደረስኩበትን ላሳውቃችሁ። ከስድስቱ ስልኮች አምስቱ ፎቶ በመላክ ላይ ነበሩ፤ የእህቴ ስልክ ብቻ ከ900 በላይ ወረፋ የሚጠብቅ ፎቶ ነበረው። ሁሉንም ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ብቻ እንዲልኩ ለማድረግ ሞክሬ ነበር፤ በአንዳንዶቹ ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ምርጫ ባለመኖሩ መላኩን ዘግተን ዓርብ ዓርብ ሌሊት እንከፍተዋለን። ማታ ወደ 8.8.8.8 የማደርገው ፒንግ አሁን ከ110 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም። ባለቤቴ ስለ ራውተሩ ማንሳት ትታለች።

የዝናቡን በተመለከተ እንደተባልኩት ራውተሩን በመግቢያው ነጥብ ላይ ብቻ ሰካሁት። በመንገዱ ላይ ወንድሜ ከዓመታት በፊት ወደ ጓዳ የቀጠለውንና በፕላስተር ብቻ የጠቀለለውን ሽቦ አግኝቼ ቆረጥኩት፤ ኅዳጉ በደረቅ ቀን ከ11 ወደ 12 ከፍ አለ፤ በዝናብ ግን አሁንም ወደ 4 ወረደ። ስለዚህ ቤቱ ነጻ መሆኑን አመንኩ። በአራተኛው ማመልከቻዬ የብልጭታውን ቪዲዮና የሦስት ቀኑን ቁጥር አያይዤ አቀረብኩ። የመጡት ባለሙያ ቁጥሮቹን ሁለት ጊዜ አነበቧቸውና ወደ ቤት ሳይገቡ በቀጥታ መሰላላቸውን ምሰሶው ላይ አቆሙ። የሳጥኑ ክዳን የለም፤ የእኔ ጥንድ ሽቦ የተገጠመበት ቦታም መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ይዞ እንደ ሻጋታ ሆኗል። ጫፉን ቆርጠው ወደ ሌላ ነጥብ አዛወሩት፤ ከምሰሶው እስከ ቤቴ ያለውንም አሮጌ ሽቦ ለወጡልኝ። ትናንትና ዛሬ ሁለት ትላልቅ ዝናብ አለፈ፤ ኅዳጉ 14 ላይ ነው፣ መብራቱም አልጠፋም።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። የሳጥኑ ክዳን አሁንም አልተተካም፤ ባለሙያው በእጃቸው አልነበራቸውም። እስከዚያው በላስቲክ ብሸፍነው ይሻል ይሆን?

የኮምቦልቻ ጠጋኝ፣ ሐምሌ 25፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ20

በላስቲክ አይሸፍኑት፤ ከላይ የሚመጣውን ዝናብ ቢከልልም ከታች የሚወጣውን እርጥበት አምቆ ይይዛል፤ ዝገቱም በጳጉሜን ይመለሳል። ምሰሶው የመብራት ሽቦም ስለሚያልፍበት ራስዎ አይውጡበት። የጥገናው ቁጥር በእጅዎ ካለ አዲስ ማመልከቻ ሳይከፍቱ በዚያው ላይ «ክዳን ይቀራል» ብለው ያስመዝግቡ፤ አዲስ ከከፈቱ እንደገና ከወረፋው መጨረሻ ይሆናሉ።

ሙጋድ ሰፈር፣ ሐምሌ 25፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ45

ቁጥሩ በማስታወሻዬ ላይ አለ። ቢሮው እንደተከፈተ እደውላለሁ።